ሰው በድስት የሚቆጥረው ፈንክሽን

ክቡራትና ክቡራን፣ ጋሽ አምባው፣ ከየእርሻው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዝግጅት ያሰናዳችሁትን አመሰግናለሁ። በዚህ በሸሕዲ ሙቀት አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦ የአንዲት ጡረተኛ ንግግር መስማቱ ቀላል ውለታ አይደለም። ማራገቢያውን ወደ እኔ ያዞረውን ሰውም አይቼዋለሁ። ደምለው ነህ አይደል? ይህ ሰው ከምዝገባ ክፍል እየመጣ የሰርቨሩን ማራገቢያ ወደ ራሱ ሲያዞር ስንቴ ተጣልተናል። ዛሬ ለእኔ ሲያዞረው ባይ እውነትም እየሄድኩ መሆኔን አመንኩ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይታየኛል። ሁለት ጆሮ አለው። ሆዱ ክብ ነው። ከላይ ጉብ ያለ መያዣ አለው። ስጦታ ከመከፈቱ በፊት አይታወቅም ይባላልና እኔም እንዳላወቅኩ ሆኜ ልቀጥል። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ዘሀቢያ ዓሊ እባላለሁ። የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነኝ። አባቴ ድንበሩ አጠገብ ሱቅ ነበረው። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ፣ ኋላ ወደዚህ የእርሻዎች ዩኒየን መጣሁ። የተቀበለኝ ሰው «ኮምፒውተር ትችያለሽ?» አለኝ። «አልችልም፣ ግን አስተማሪ ነበርኩና መማር እችላለሁ» አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ። እስከ ዛሬ ድረስ እየተማርኩ ነው፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ዳታቤዝ» እላለሁ። «እሱ ምንድን ነው?» ይሉኛል። «የመዘገብነውን ሁሉ የሚያስቀምጥ፣ ስንጠይቀው የሚመልስልን ዕቃ ነው» እላለሁ። «ታዲያ ከጠየቃችሁት ከመለሰላችሁ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምሠራው አጠያየቁን ነው። ከሙነወር ጋር ዕድሜ ልካችንን የተጨቃጨቅነውም በዚሁ በአጠያየቁ ላይ ነው። ሙነወርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው፣ ከነገ ጀምሮ የእኔን ወንበር የሚወርሰው ነው። ቀና በል ልጄ፣ ገና አልሰደብኩህም።

ጭቅጭቃችን እንዲገባችሁ ወደ አባቴ ሱቅ ልውሰዳችሁ። አባቴ መጋዘን ሲልከኝ «ዘሀቢያ፣ የሱዳን ሳሙና ያለባቸውን ካርቶኖች አምጭልኝ» ይል ነበር። ኻላስ፣ በቃ። በየት እንደምገባ፣ ምን እንደማነሣ የእኔ ጉዳይ ነው። እናቴ ረቢዓ ግን እንዲህ አታዝም። «መጀመሪያ በሩን ክፈቺ። በግራ በኩል ያለውን ጆንያ አንሺ። ከሥሩ ካርቶን ካለ እዪው። ሳሙና ከሆነ ወደ ጎን አድርጊው። ካልሆነ መልሰሽ አስቀምጪና ወደሚቀጥለው እለፊ።» ሁለቱም ሳሙናውን ያገኛሉ። አላህ ሁለቱንም በጀነት ያኑራቸው።

በእኛ ሥራም እንደዚሁ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ ፈንክሽን ሲጻፍ፣ ማለትም አንድን ሥራ ስም ሰጥተን በተጠራ ቁጥር እንዲሠራልን ስናደርግ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የአባቴ ነው፤ ተራ ኩዌሪ ይባላል። የምትፈልገውን ብቻ ትናገራለህ፣ ዳታቤዙ አቋራጩን ራሱ ይፈልጋል። ሁለተኛው የእናቴ ነው፤ ፕሮሲጀር ይባላል። ደረጃ በደረጃ ታዛለህ፤ ይህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን፣ እንደገና ዙር።

እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ። ተራ ኩዌሪ እወዳለሁ። አጭር ነው፣ ሰው አይቶ ይረዳዋል፣ ዳታቤዙም ውስጡን አይቶ ያፋጥነዋል። ፕሮሲጀር ለዳታቤዙ አፉ እንደተሰፋ ጆንያ ነው፤ ተሸከም ሲሉት ይሸከማል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያይም። ሙነወር ደግሞ ከእናቴ ባይወለድም የእናቴ ልጅ ነው። ሉፕ፣ ማለትም ያንን ዙር፣ ካላዞረ እንቅልፍ አይወስደውም። «ስንት ሠራተኛ ተመዘገበ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ አንድ በአንድ እየዞረ የሚቆጥር ፕሮሲጀር ይጽፍላችኋል። «ሙነወር፣ ቁጠር ብትለው እኮ ይቆጥራል» ስለው «እትየ፣ ሲቆጥር ካላየሁት በምን አምነዋለሁ?» ይለኛል።

ይህ ሁሉ የሁለት ሰዎች ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ላይ ድስት ባታስቀምጥ ኖሮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚመጡትን ሠራተኞች የምንመዘግበው፣ ለአባል እርሻዎቻችንም የምንደለድለው እኛ ነን። ቀድሞ ድልድሉ በትውውቅ ነበር። ዘመድ ያለው ጥላና ውኃ ወዳለበት እርሻ ይላካል። ዘመድ የሌለው ዋልካው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ጋሽ አምባው ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሲመጡ «ከእንግዲህ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሄዳል። ማንም ማንንም አያውቅም» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ማጨብጨባችን ትክክል ነበር፣ ዛሬም አጨበጭባለሁ።

ያንን ውሳኔ ወደ ፈንክሽን ስንለውጠው አንዲት ኩዌሪ በቃችው። ሰዎቹን በመጡበት ተራ አሰልፋቸው፤ በየእርሻው ያለውን ክፍት ቦታ አሰልፈው፤ አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ግጠም። ሙነወር እንኳ «ለዚህ ሉፕ አያስፈልግም» አለ። ከሙነወር አፍ ይህ መውጣቱን አስቡት። ኩዌሪዋ ዘመድ የላትም፣ ፊት አታይም። ኮርተንባት ነበር።

ነገር ግን ከደጋ የሚመጣ ሠራተኛ ብቻውን እንደማይመጣ ከእናንተ መካከል የማያውቅ አለ? ከአንድ ቀበሌ የተነሱት ይቧደናሉ። አዋጥተው አንድ ድስት ይገዛሉ፣ ከመካከላቸው አብሳይ ይመርጣሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ «የማን ድስት ናችሁ?» ይባባላሉ። የታመመን የሚያስታምመው ድስቱ ነው። ክፉ ነገር ቢመጣ ለቤተሰብ የሚያረዳውም ድስቱ ነው። ይህን በሸሕዲ ዶሮው ሳይቀር ያውቀዋል። እኛም እናውቅ ነበር። ዳታቤዛችን ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ቀበሌ አለ፣ እርሻ አለ፣ ቀን አለ፣ ድስት የሚባል ነገር የለም። አድልዎን ከቢሮ ስናባርር ድስቱንም አብረን አባረርነው።

በአጨዳ ሰሞን ነው። ምሳ በልተን ገና መመለሳችን ነበር። ድስት በነጠላ ከጀርባዋ ያሰረች ሴት ገባች። ጥቀርሻው ነጠላዋን አጥቁሮታል። ማንንም አልጠየቀችም። ነጠላውን ፈታችና ድስቱን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

«የዓለምወርቅ እባላለሁ። ኸደላንታ ነኝ። ይኸው ድስቱ። ሰዎቼን ስጡኝ» አለች።

ደምለው ከደጅ አይቷት ኖሮ ተከትሏት ገባ። ሲመዘግባት «አንድ ድስት ነን፣ አትለያዩን» ብላው ነበር። እሱም እውነቱን ነግሯት ነበር። «እህቴ፣ ሲስተሙ ድስት አያውቅም፣ ራስ ነው የሚያውቅ።»

ኩዌሪያችን ተራዋን ጠብቃ ሠርታለች። ድስቱን ከነአብሳይዋና ከጥቂቶቹ ጋር ወደ ገለጉ በኩል ላከችው። ሌሎቹን ወደ መተማ። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረውን አንዱአምላክን ብቻውን ወደ አብርሃ ጅራ። አንዱአምላክ የየዓለምወርቅ ወንድም ነው።

«ስትለያዩን እያንቀጠቀጠው ነበር» አለች። «መኪና ላይ ሲወጣ እጁን ይዤው ነበር፣ ይፋጅ ነበር። ኸዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ስልክ የለውም።»

ከገለጉ እስከዚህ እንዴት እንደመጣች አልነገረችንም። መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጫማዋን አየሁና አልጠየቅኋትም።

አሁን ችግሩን እዩት። እርሻዎች ሠራተኛ ይቀባበላሉ። እዚህ አጨዳ ሲያልቅ እዚያ ይሄዳሉ፣ እኛም ዝውውሩን እየተከታተልን እንመዘግባለን። አንዱአምላክ የሚባል ሰው ደግሞ በዚያ ወቅት ስንት እንደነበር አላህ ይወቅ። ወባ የያዘው ሰው ብቻውን ሰሊጥ መሐል ቢተኛ ማን ያነሣዋል?

ሙነወር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እትየ፣ እያንዳንዱን እርሻ እየዞረ የሚፈልግ ልጻፍ» አለና ጀመረ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጣቱ ፈጣን ነው።

«ቆይ ሙነወር፣ ይሄ ጥያቄ ነው» አልኩት። «ሳሙናው የት አለ ነው የሚባለው።»

ድስቱን ከኪቦርዴ ላይ አነሣሁትና እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ። ከየዓለምወርቅ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቀበሌ የተመዘገቡት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው መጨረሻ የተመዘገቡት የት ነው? ይኸው ነው። አራት ስንኝ ብትሆን ነው። መልሱ መጣ። ሙነወር ገና ለሉፑ ስም እያወጣለት ነበር። እስከ ዛሬ «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እኮ» ይላል።

ሁሉም ተገኙ። አንዱአምላክ ከአብርሃ ጅራ ማዶ ወዳለ እርሻ ተዛውሯል። ስልክ ደወልን። የእርሻው ተቆጣጣሪ ባንተአምላክ አነሣው። ባንተአምላክ ዛሬ እዚህ አለ፣ ከኋላ ቆሟል፣ ያኔ ያለውን ያስታውሳል።

«ሒላው ሥር የተኛ አንድ ሰው አለ» አለን። ታጭዶ የተከመረው ሰሊጥ ጥላ ሥር ማለቱ ነው። «ውኃ እንሰጠዋለን። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አጣን። ድስት የለውም።»

የዓለምወርቅ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ድስት አለው» አለችው። «እዚህ አለ፣ ኸፊቴ ነው። ሂድና እንደዚህ ብለህ ንገረው።»

ባንተአምላክ ነገረው። ኋላ እንዳጫወተን፣ አንዱአምላክ ዓይኑን የገለጠው ያኔ ነው። በትራክተር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ወባው ጠንክሮበት ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ተናግሯል፣ እኔ ግን ዛሬ አልደግመውም፤ አንዱአምላክ ራሱ እዚህ ተቀምጦ እየሳቀብኝ ነውና። አሁን ትራክተር ይነዳል። እህቱ ከተማችን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታለች፣ ዛሬ የምትበሉትን ያበሰለችው እሷ ናት።

ጋሽ አምባው የዚያን ድስት ሰዎች በሙሉ አሰባሰቡና አንድ እርሻ ላይ አዋሏቸው። አንዱአምላክ በሰሊጥ ጭነት መኪና መጣ፣ ከስቶ አንገቱ ብቻ ቀርቷል። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ጉልቻ አቁመው አበሰሉ፣ እኛንም ጠሩን። ሲሄዱ የዓለምወርቅ ወደ እኔ መጣች።

«ዘንድሮ አገኛችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ከርሞ ስንመጣስ? እንደገና በትናችሁ እንደገና ልትፈልጉ ነው?»

መፈለግ የኔ ጥበብ ነበር። የጠየቀችኝ ግን አለመበተንን ነው።

ድስት የሚባለውን ዳታቤዙ ውስጥ ማስገባቱ ቀላል ነበር። ድስት ሳይበተን መደልደሉ ነው ያስቸገረው። እኔ እንደ ልማዴ በተራ ኩዌሪ ልሞክር ተቀመጥኩ። ግን አስቡት። አንድ ድስት እርሻ ላይ ሲገባ ክፍት ቦታው ይቀንሳል። ከኋላው ያለው ድስት የት እንደሚገባ የሚታወቀው የፊተኛው ከገባ በኋላ ነው። የሦስተኛውም በሁለተኛው ላይ ይንጠለጠላል። ኩዌሪ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ መጠየቅ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። አንዱን ኩዌሪ ሌላው ውስጥ፣ ያንን ሌላው ውስጥ እየከተትኩ፣ መልሶ ራሱን የሚጠራም ጨምሬበት፣ በመጨረሻ ጻፍኩት። ሠራም። ሙነወርን ጠርቼ «አንብበው» አልኩት።

አነበበው። እንደገና ከላይ ጀመረው። ጸጉሩን አከከ።

«እትየ» አለኝ፣ «ትክክል ይመስለኛል። ግን አንቱ ጡረታ ሲወጡ ማን ያነበዋል?»

የዚያን ቀን ተናደድኩ። ሻይ እንኳ አብሬው አልጠጣሁም። ይኸው የተናገረው ቀን ደረሰ፣ እኔም እዚህ ቆሜ እያመሰገንኩት ነው። ሙነወር፣ ያቺን ጥያቄ ባትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ለዚህ ቤት ትቼለት የምሄደው እንቆቅልሽ ነበር።

እሱ የጻፈው ፕሮሲጀር አንድ ገጽ አይሞላም። እናቴ ብታየው ትወደው ነበር። ቀድሞ የመጣውን ድስት ውሰድ። ሙሉውን የሚይዝ እርሻ ፈልግ። ካለ አስገባው፣ ክፍት ቦታውን ቀንስ። ከሌለ ድስቱን አትበትን፣ ይቆይ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። ደምለው ኮምፒውተር ሳይማር አንብቦት «ይሄማ እኔ በቃሌ የምሠራው ነው» አለ።

ለሙከራ ድስት ያስፈልገን ነበርና ሙነወር የቢሮውን ሠራተኞች አንድ ድስት አድርጎ መዘገበን። እኔ፣ ሙነወር፣ ደምለው፣ ጋሽ አምባው ሳይቀሩ። አብሳይ ተብሎ የተጻፈው ደምለው ነው። የደምለውን ምግብ የቀመሰ ሰው የሙከራ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። እስከ ዛሬ ያንን ሙከራ የሰረዘው የለም።

ነገሩ በዚህ አበቃ ያላችሁ ጋሽ አምባውን አታውቋቸውም። ፕሮሲጀሩን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዘሀቢያ፣ ያቺ የድሮዋ ኩዌሪ ዓይን አልነበራትም፣ ደስ ትለኝ ነበር» አሉ። «ይሄኛው ግን 'ከሆነ፣ ካልሆነ' ይላል። 'ከሆነ' የሚል ነገር ባለበት 'የእገሌ ዘመድ ከሆነ' የምትል መስመር አንድ ቀን ሾልካ ብትገባ ማን ያያታል? አድልዎን በበር አስወጥተን በመስኮት ልናስገባው ነው?»

ልክ ነበሩ። ፕሮሲጀር መደበቂያ ብዙ አለው። እኔና ሙነወር ተያየን፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ያለ ጭቅጭቅ ተስማማን። የሚደለድለው የሙነወር ፕሮሲጀር ይሁን፤ የሚመረምረው የእኔ ተራ ኩዌሪ ይሁን። ማጣሪያ አልናት። ከእያንዳንዱ ድልድል በኋላ ትጠይቃለች። ከድስቱ የተለየ ሰው አለ? ቀድሞ መጥቶ፣ የሚይዘው እርሻ እያለ የታለፈ ድስት አለ? መልሷ በምዝገባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ለሕዝብ ይታያል። ባዶ ከሆነ ሁሉም ተማም ነው፣ ደኅና ነው። ስም ከወጣ ሸሕዲ በሙሉ ያየዋል።

ብዙም ሳይቆይ ተፈተነች። የሙነወር አጎት፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ፣ ጎበዝ ጎበዝ ድስቶችን ተራ አዝልለው ለራሳቸው እርሻ ማስደልደል ፈልገው ኖሮ ሙነወርን ጥላ ሥር ጠሩት።

«አንዲት መስመር ብቻ ጨምርልኝ» አሉት።

«አጎቴ፣ መስመሩን መጨመሩ ቀላል ነው» አላቸው። «ማጣሪያዋ ግን የእትየ ዘሀቢያ ናት። የታለፉትን ድስቶችና የእርስዎን እርሻ ስም ግድግዳው ላይ ታወጣዋለች። አርብ ከመስጊድ ሲወጡ ሰው ሁሉ አንብቦት ይጠብቅዎታል።»

አጎቱ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉ። እሳቸውንም ስለ ጠበቁ አመሰግናለሁ። እንዲያውም በዚያ ዓመት ጥሩ ድስት ደርሷቸዋል።

የሚቀጥለው ወቅት መጣ። በሰልፉ ውስጥ የዓለምወርቅንና አንዱአምላክን አየኋቸው። ድስቱ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው። ደምለው ቀና ብሎ ስም ከመጠየቁ በፊት «ስንት ድስት ናችሁ?» አላት።

አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አንድ» አለች።

ድልድሉ ሠራ። ማጣሪያዋ ሠራች። ስክሪኑ ባዶ ወጣ። ዕድሜዬን ስክሪን ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ባዶ ስክሪን አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የዓለምወርቅ ወደ ግድግዳው እያየች «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምንም አይልም» አልኳት።

«እሰይ» አለች። «እንደሱ ይበል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ከእኔ ቀጥላችሁ ለምትሠሩት የምተወው ምክር ይህች ብቻ ናት። በቅርቡ አንድ ጎብኚ ባለሙያ መጥቶ «ለምን ሁሉንም በአንድ መንገድ አትጽፉትም?» ብሎን ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ አሳቡም ንጹሕ ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ ፈንክሽን ከመጻፋችሁ በፊት ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ጉዞ በሉ። መልስ ብቻ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ መንገዱን ለዳታቤዙ ተዉለት። የሚቀጥለው እርምጃ ባለፈው ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ግን ኩዌሪ አታጣምሙ፣ በእግራችሁ ሂዱ። የሄዳችሁበትን ደግሞ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችል ተራ ጥያቄ አስመርምሩት። ሙነወር ሉፕ ሲያበዛ አባቴን አስታውሱት። ሌላ ሰው ደግሞ ኩዌሪ ውስጥ ኩዌሪ ሲከት እናቴን አስታውሱት።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጋሽ አምባው፣ የድስቱን ሰዎች ሰብስቡ ብለው ያለ ማመንታት ስላዘዙ፣ ስለ ጥርጣሬዎም ጭምር አመሰግናለሁ። ደምለው፣ ያንን «ሲስተሙ አያውቅም» ያልከውን ቃል ሁለተኛ ላለመናገር ያደረግከውን ጥረት አይቻለሁ። ባንተአምላክ፣ ስለዚያ ውኃ። የዓለምወርቅ፣ ኪቦርዴ እስከ ዛሬ ጥቀርሻ አለበት፣ አላስጠረግኩትም።

ስለ ቢሯችን ድስትም ላመስግን። ምሳ በጋራ መብላት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን አብሮ እንዲሰድበት። በጾማችሁ እኔ ዘይቱ አነሰ ብዬ አጉረመርማለሁ። በረመዳን እናንተ የእኔን ድርሻ ከድናችሁ ታስቀምጣላችሁ። ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ቤት ይዤው ስሄድ፣ ማን እንደከደነው በአከዳደኑ አውቅ ነበር። ይህን ቸርነት በየትኛው ፈንክሽን እንደምጽፈው አላውቅም። ስለዚህ በአፌ እላለሁ፤ እወዳችኋለሁ። ብዙ ነገር ሳልላችሁ ኖሬያለሁ፣ ይህን ሳልል ግን አልሄድም።

አሁን ወደዚህ ጥቅል ልመለስ።

ልጄ ሙባረካ ጎንደር ትጠብቀኛለች። የልጅ ልጆቼም አሉ። ብርዱን እንዴት እንደምችለው አላውቅም እንጂ ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። ይህን ስጦታችሁን ግን ይዤ ልሄድ አልችልም። አትቀየሙኝ። ድስት የሚቀመጠው ሰዎቹ ባሉበት ነው፣ ይህን ከየዓለምወርቅ በላይ ያስተማረን የለም። አያቶች እንዳሉትም ድስት ግጣሙን አያጣም። እንግዲህ ድስቱን እዚሁ እተወዋለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ይሠራበት። ግጣሙን ግን እኔ እወስደዋለሁ። ሽሮው በተንተከተከ ቁጥር ክዳን ፈልጋችሁ እኔን እንድታስታውሱኝ፣ እኔም ክዳኔን ባየሁ ቁጥር የምመለስበት ምክንያት እንዳይጠፋኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሙነወር፣ ይህ ላንተ ነው። ነገ ጠዋት በዚያ በሙከራ ድስታችን ውስጥ፣ ከስሜ አጠገብ የተጻፈውን ቦታ፣ ሸሕዲ የሚለውን ታጠፋና ጎንደር ትላለህ። ከዚያ ማጣሪያዋ ትሠራለች። ስክሪኑ ባዶ አይሆንም። አንድ ስም ታወጣለች፤ ዘሀቢያ ዓሊ፣ ከድስቷ የተለየች ትላለች። ልክ ናት፣ ስህተት ፈልገህ አትድከም። ስሜንም አትሰርዘው። ለየዓለምወርቅ የጠየቅኩላትን ጥያቄ አንድ ቀን ለእኔም ጠይቅልኝ። ዘሀቢያ መጨረሻ የታየችው የት ነው በል። ስልኩን አነሣለሁ።

ሰሊጣችሁ በሒላው ይድረቅ፣ ዝናብ አይቅደመው። ጓንግ ወንዝ ሲሞላ ከወዲያ ማዶ የሚቀር ሰው አይኑር። ወጣቶቻችሁ ከእኛ የተሻለ ይጠይቁ፣ ሽማግሌዎቻችሁም መልስ ሳያጡ ይረጁ። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ፣ የሄደው ይመለስ፣ የታመመው ስሙን የሚጠራለት አይጣ። አላህም ይስማኝ፣ እናንተም አሜን በሉ።

ድስታችሁ አይበተን።